የክላውንፊሽ እጮችን በቤት አኳሪየም እንዴት ማሳደግ ይቻላል

ተስማምተው የሚኖሩ የክላውንፊሽ (ነጭ መስመር ያለው ትንሽ ብርቱካናማ የባሕር ዓሣ) ጥንዶች እንቁላል መጣል ከጀመሩ ብዙ አያስቸግሩም። ፈተናው ከተፈለፈሉ በኋላ ነው፤ እሱም ምግብ ነው። አዲሱ እጭ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ደረቅ ምግብ ዞር ብሎ አያይም። የሚንቀሳቀስና አፉ የሚችለውን ነገር ይፈልጋል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሮቲፈር ነው። ሮቲፈር በዓይን ነጥብ የምታክል የውሃ ውስጥ እንስሳ ናት። በባልዲ የጨው ውሃ አድርጉ፣ አየር በዝግታ ልቀቁበት፣ ውሃው አረንጓዴ እስኪመስል የሮቲፈር ምግብ የሆነውን፣ ናኖክሎሮፕሲስ የተባለውን ጥቃቅን አረንጓዴ አልጌ ጨምሩ። በየቀኑ ከፊሉን አጥልላችሁ ውሰዱና በአዲስ የጨው ውሃ ተኩት። ሁለት ባልዲ ይኑራችሁ፤ አንዱ ድንገት ሊሞትባችሁ ይችላል። እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ ሮቲፈር ፍለጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቀጥሎ ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አዘጋጁ። ውሃውን ከወላጆቹ አኳሪየም ቅዱ፣ ሙቀቱን ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርጉ። ጎኖቹን በጥቁር ወረቀት ሸፍኑ። እጮች ብርሃን ስለሚስባቸው የሚያበራ መስታወት ካዩ እየተጋጩ ይጎዳሉ። ማጣሪያ አትግጠሙ፤ መጥጦ ይጨርሳቸዋል።

ወላጆቹ የሸክላ ማሰሮ ወይም ጣውላ መሳይ የሸክላ ንጣፍ ካገኙ እዚያው ላይ ይጥላሉ። እንቁላሉ መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ዓይኖቹ እንደ ብር ያብለጨልጫሉ። እስከዚያ አባትየው በክንፉ እያራገበ ይንከባከበዋልና ተዉት። ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ዓይኖቹ ሲያበሩ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ማሰሮውን ከነውሃው በጎድጓዳ ዕቃ አውጥታችሁ ወደ ገንዳው አዛውሩት። የአየር አረፋው እንቁላሉን እየዳሰሰ ይለፍ። ከዚያ ድቅድቅ ጨለማ አድርጉ፤ የሚፈለፈሉት በጨለማ ነው። ያን ሌሊት ካልሆነ በማግስቱ ጠብቁ።

ጠዋት ውሃውን በአልጌ ቀለል ያለ አረንጓዴ አድርጉና ሮቲፈር ጨምሩ። በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ገደማ ይኑር። መብራቱ ደብዘዝ ይበል። ሮቲፈሯ ራሷ ከተራበች ለእጩ ባዶ ሆድ ናት፤ አልጌው አይጓደል።

ከረሃብ ቀጥሎ ሁለተኛው ገዳይ አሞኒያ ነው፤ ከቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣ መርዝ። በቀጭን የአየር ቱቦ ከታች ቆሻሻውን በየቀኑ ምጠጡ። የሚተካው ውሃ ሙቀቱና ጨዋማነቱ እኩል ሆኖ ጠብ ጠብ እያለ ይግባ።

ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፕ) በጥቂቱ ጀምሩ። የአርቴሚያውን የእንቁላል ቅርፊት ለይታችሁ አውጡ። ሆዳቸው ብርቱካናማ ከሆነ እየበሉ ነው። ሮቲፈሩን ግን ወዲያው አታቋርጡ፤ ትንንሾቹ ገና አርቴሚያ አይችሉም።

በሁለተኛው ሳምንት ነጭ መስመር ያወጣሉ፣ ወደ ግድግዳና ወደ ታች ይጠጋሉ። አንዳንዱ እዚህ ደረጃ ላይ ይሞታል፤ ሁሉንም ማዳን አይጠበቅባችሁም። መስመሩ ከወጣ በኋላ የስፖንጅ ማጣሪያ ግጠሙ፣ ደረቅ ምግብ ፈጭታችሁ አለማምዱ። ጠበኞች ስለሆኑ በቁጥር በዛ ብለው አንድ ላይ ይቆዩ፤ ሁለት ሦስት ብቻ ሲቀሩ ደካማውን አሳድደው ይጨርሱታል።