ቴርሞስታቱ አልታዘዝ፣ ቢሉ አልወርድ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ቢል ሲያሻቅብ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ማሞቂያውን ወይም ኤሲውን ነው። «አርጅቷል፣ ይቀየር» ይባላል። ማሽኑ ግን የታዘዘውን ነው የሚሠራው። አዛዡ ግድግዳ ላይ ያለው ትንሽ ሳጥን፣ ቴርሞስታቱ ነው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የተሰቀለበት ቦታ ምን ያህል እንደሚሞቅና እናንተ የሞላችሁለትን ቁጥር። ከሁለቱ አንዱ ከተዛባ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖም ገንዘባችሁን ይበላል። ስለዚህ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ከሚከተሉት ምልክቶች የናንተን ፈልጉ። አብዛኞቹ በአንድ ካቻቪቴና በአንድ ተራ ቴርሞሜትር የሚያልቁ ናቸው።

«30 ላይ አድርጌዋለሁ፣ ቤቱ ግን ቶሎ አይሞቅም»

በብዛት የሚሰማው ይሄ ነው። ቴርሞስታት የመኪና ነዳጅ መርገጫ አይደለም፤ ቁጥሩን ስለሰቀላችሁት ማሽኑ አይፈጥንም። በአብዛኛው ቤት ያለው ማሞቂያ ወይ በሙሉ አቅሙ ይሠራል ወይ ይጠፋል። ቤቱ 16 ዲግሪ ላይ ሆኖ 21 ብትሉትም 30 ብትሉትም፣ 21 ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 21 የተባለው እዚያው ይቆማል። 30 የተባለው ላብ በላብ እስክትሆኑ ይቀጥላል። ከዚያ አንዱ ተነስቶ መስኮት ይከፍታል፣ የተከፈለበት ሙቀትም ውጭ ይወጣል።

ኤሲም ላይ ያው ነው። ኢንቨርተር ያላቸው አዳዲሶቹ ጉልበታቸውን እንደ ሁኔታው ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። እነሱም ቢሆኑ በሚጋል ክፍል ውስጥ 25 ከተባሉ መጀመሪያ ላይ በከፍተኛ ጉልበት ነው የሚነሱት። 16 ማለት አያስፈልግም።

መፍትሄው የምትፈልጉትን ቁጥር ሞልቶ መተው ነው። ነቅታችሁ ቤት ስትሆኑ ለማሞቂያ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ለኤሲ 25 ወይም 26 ይበቃል። ኤሲው ላይ ቬንትሌተር ጨምሩበት። ቬንትሌተር ሰውን እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ከክፍሉ ስትወጡ አጥፉት።

«አጥፍቶ እንደገና ማሞቅ የበለጠ ይበላል»

ይሄ እንኳ ብልሽት ሳይሆን ወሬ ነው። ግን ብዙ ቤት ቀኑን ሙሉ ባዶ ክፍል የሚያሞቀው በዚህ ወሬ ስለሆነ እዚህ ይግባ። ቤት ሙቀት የሚያጣው በውስጥና በውጭ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውጭው 5፣ ውስጡ 21 ከሆነ ልዩነቱ 16 ዲግሪ ነው። ውስጡን ወደ 17 ብታወርዱት ልዩነቱ 12 ይሆናል። ቤቱ 17 ላይ በቆየባቸው ሰዓታት የሚያመልጠው ሙቀት በሩብ ቀነሰ ማለት ነው። ስትመለሱ ለማሞቅ የሚወጣው ጉልበት፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ማሽኑ አርፎ የቆጠበው ነው። በመሃል ሳያመልጥ የቀረው ሙቀት የናንተ ትርፍ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚገምተው፣ በቀን ለ8 ሰዓት ከ4 እስከ 5.5 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ማድረግ (በሙቀት ወራት ደግሞ ከፍ ማድረግ) በዓመት ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ወጪ እስከ 10 በመቶ ሊቆጥብ ይችላል።

ሂት ፓምፕ (የውጭውን አየር ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሞቂያ) ላላቸው ግን ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ዲግሪ አውርዳችሁ በአንዴ ስትመልሱት ረዳት ሬዚስታንሱ (በኤሌክትሪክ የሚግለው ሽቦ) ሊነሳ ይችላል። ሂት ፓምፕ ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ሬዚስታንስ የሚመልሰው አንዱን በአንድ ብቻ ነው። እናም ለሂት ፓምፕ 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ስክሪኑ ላይ «ኦክስ» ወይም «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚል ጽሑፍ ቶሎ ቶሎ የሚታይ ከሆነ ረዳቱ ተነስቷል ማለት ነው፤ ገንዘቡ የሚሄደው በዚያ በኩል ነው።

ሰው ቤት ውስጥ እያለ እስከ ስንት ይወርዳል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና ጤና መመሪያ በብርድ ወቅት 18 ዲግሪን ለአብዛኛው ሰው ደህና የቤት ሙቀት ይለዋል። ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች ባሉበት ከዚያ ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ቢል ለመቀነስ ብሎ አያትን ማንቀጥቀጥ ቁጠባ አይባልም።

«ስክሪኑ 21 ይላል፣ እኛ እንንቀጠቀጣለን»

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ መመርመር ያዋጣል። ቴርሞስታቱ የሚለካው ቤቱን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን አንድ ስንዝር አየር ነው። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከሥሩ ቴሌቪዥን ወይም መብራት ካለ፣ «ቤቱ ሞቋል» ብሎ ማሞቂያውን ያለጊዜው ያጠፋዋል። በሙቀት ወራት ደግሞ በዚሁ ምክንያት ኤሲውን ሲያስሮጠው ይውላል። በር አጠገብ ወይም የውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እሱን ሲበርደው ማሞቂያው ዕረፍት ያጣል፣ እናንተም ጃኬት ታወልቃላችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደተሳሳተ ለዩ። ተራ ቴርሞሜትር ከቴርሞስታቱ ጎን በፕላስተር ለጥፉ። ግድግዳውን እንዳይነካ ከኋላው የታጠፈ ወረቀት አስገቡ። 15 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ አወዳድሩ። ስትጠብቁ ፊቱ ቆማችሁ አትተንፍሱበት፤ ትንፋሽ ቁጥሩን ያዛባል። ሁለቱ ከተስማሙ ቴርሞስታቱ አልዋሸም። ቴርሞሜትሩን ወደምትቀመጡበት ቦታ ውሰዱትና እንደገና አንብቡ። እዚያ ያለው ቁጥር ከራቀ ጥፋቱ የቦታው ነው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ካልተስማሙ ግን ብሬከሩን አጥፉና የቴርሞስታቱን ሽፋን አውልቁ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ቀጥሎ ሽቦው ከግድግዳው የሚወጣበትን ቀዳዳ ፈልጉ። መዳፋችሁን አጠጉት። በግድግዳው ውስጥ የሚሄድ ቀዝቃዛ አየር በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ሴንሰሩን ሲመታው ይሰማችኋል። ይህቺ ቀዳዳ የስንቱን ቤት ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ታሠራለች! በትንሽ ስቱኮ ወይም ሲሊኮን ድፈኗት።

ከዚያ በኋላም ልዩነት ካለ፣ ብዙ ዲጂታል ቴርሞስታቶች ሴቲንግ ውስጥ «ኦፍሴት» ወይም «ካሊብሬሽን» የሚባል ማረሚያ አላቸው። በልዩነቱ ልክ አስተካክሉት።

ያረጀ፣ በእጅ የሚዞር ከሆነ ውስጡ ሜርኩሪ ያለባት ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ልትኖር ትችላለች። ይህ ዓይነቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው ሜርኩሪው ወዲያና ወዲህ ሲንከባለል ነው። ሳጥኑ ዘመም ካለ ቁጥሩም ይዘማል፤ በውሃ ልክ አስተካክሉት። ስትቀይሩት ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት፣ ሜርኩሪ መርዝ ነው።

ማዛወር ካስፈለገ ትክክለኛው ቦታ የውስጥ ግድግዳ ነው፤ ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሰው በሚውልበት ክፍል ውስጥ።

«በየደቂቃው ይነሳል፣ ይጠፋል»

ኮምፕሬሰርን (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ሞተር) የሚጎዳው አዘውትሮ መነሳት ነው። በመጀመሪያ ፊልተሩን አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ አየርም አያሳልፍም፤ እጠቡት ወይም ቀይሩት። ማሽኑ ብዙ በሚሠራበት ወቅት በየወሩ ማየት ጥሩ ነው።

ፊልተሩ ንጹሕ ከሆነ «ስዊንግ» ወይም «ዲፈረንሻል» የሚለውን ሴቲንግ እዩ። ማሽኑ እስኪነሳ ድረስ ሙቀቱ ምን ያህል እንዲወዛወዝ እንደተፈቀደ የሚወስነው እሱ ነው። ግማሽ ዲግሪ ከሆነ ወደ 1 ዲግሪ ከፍ አድርጉት። ልዩነቱ ገላችሁ ላይ ብዙም አይታወቅም። ኤሲው ቀጥታ ቴርሞስታቱ ላይ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ የአየር ማውጫውን ክንፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወይ ማሽኑ ለክፍሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው፣ ወይ ጋዝ ጎድሏል። ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን ያዙ፦ የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ ፈሷል። የሚፈስበትን ሳይፈልግ ሞልቶ የሚሄድ ባለሙያ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፣ እናንተም ደግማችሁ ትከፍላላችሁ።

ጠፍቶ ወዲያው ሲበራ ሦስት ደቂቃ ያህል ዝም የሚል ኤሲ ግን አልተበላሸም። ኮምፕሬሰሩን ለመጠበቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

«ፕሮግራም አድርጌዋለሁ፣ እሱ ግን የራሱን ይሠራል»

ሦስት ነገር እዩ። አንዱ «ሆልድ» ነው። አንድ ሰው በርዶት ቁጥሩን ሲጨምር «ፐርማነንት ሆልድ» ከነካ፣ ፕሮግራሙ እስኪሰረዝ ድረስ ይታገዳል። «ራን» ወይም «ስኬጁል» የሚለውን ተጫኑ። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዱ ቴርሞስታት ሰዓቱን ይረሳል። ጠዋትና ማታ ከተገለባበጡ ስትወጡ ያሞቃል፣ ስትገቡ ያርፋል። ሦስተኛው ባትሪ ነው። ስክሪኑ ከደበዘዘ ሁለቱንም ባትሪ አንድ ላይ ቀይሩ።

ቤት ውስጥ ቴርሞስታቱን የሚነካካው ሰው ከበዛ ደግሞ መቆለፊያ ኮድ አለው። በኔ እይታ ጭቅጭቅን ጭምር የሚቆጥብ ሴቲንግ ነው።

«ፋኑ አይቆምም»

«ፋን» የሚለው «ኦን» ላይ ነው። «ኦቶ» አድርጉት። ኤሲ ላይ ሌላም ጥቅም አለው። ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ፋኑ ብቻ ሲነፍስ፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ተንኖ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ ቤቱም ይታፈናል።

«ሳሎኑ እሳት ነው፣ መኝታ ቤቱ በረዶ»

ራዲያተር ላይ ያለው ባለ ቁጥር መዘውር ራሱ ቴርሞስታት ነው። በአብዛኞቹ ላይ 3 ማለት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። 5 ላይ ማድረግ አያፋጥንም። መጋረጃ ወይም ሶፋ ከሸፈነው ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ቶሎ ይዘጋል፣ ክፍሉም ሳይሞቅ ይቀራል። የግድግዳው ቴርሞስታት ያለበት ክፍል ውስጥ ግን የራዲያተሩን መዘውር ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። አለበለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ፦ መዘውሩ ይዘጋል፣ ግድግዳው «ገና ነው» ይላል፣ ሌላው ክፍል ሁሉ ይጋላል።

«ኤሲም ሂተርም የለንም፣ ቢሉ ግን ያው ነው»

እንግዲያው ቦይለሩን ጠይቁ። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 2000 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ ይህን ለመሥራት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሁልጊዜ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ እየቀላቀላችሁ የምትታጠቡ ከሆነ የቦይለሩ ቴርሞስታት ከልክ በላይ ተሰቅሏል። 60 ይበቃል። በጣም ማውረድም አይመከርም፤ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል። በሌላ በኩል 60 ዲግሪ ውሃ በሴኮንዶች ውስጥ ቆዳ ይልጣል፤ ልጆች ባሉበት ቧንቧው ላይ ማደባለቂያ ይገጠም። ቁጥሩ ከፍ ብሎም ውሃው የማይሞቅ ወይም ሲሞቅ የሚንጫጫ ከሆነ ሬዚስታንሱ ነጭ ካልሲየም ለብሶ ሊሆን ይችላል፤ ይውጣና ይጠረግ።

ፍሪጅ ላይ ብዙዎች ተቃራኒውን ያነባሉ። በመዘውሩ ላይ ትልቁ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የበለጠ ብርድ ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ከታችሁ መሃል መደርደሪያ ላይ አሳድሩት። ጠዋት 4 ዲግሪ አካባቢ ካነበበ ትክክል ነው። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ይሁን። በሩ ላይ ወረቀት ዘግታችሁበት ሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎሚኒው ላልቷል።

«ሁሉንም አየሁ፣ ቢሉ አሁንም ከፍ ያለ ነው»

ቢሉን ራሱን አንብቡት። ስንት ቀን ነው የሸፈነው? ቆጣሪው በእርግጥ ተነቧል ወይስ በግምት ነው የተሞላው? ይህ ከጠራ ወደ ቆጣሪው ሂዱ። የቤቱን ዕቃ ሁሉ አጥፉና ቁጥሩን ጻፉ። አንዱን ብቻ ለአንድ ሰዓት አብሩና እንደገና ጻፉ። ተንቀሳቃሽ ሂተር 1500 ዋት ከሆነ በሰዓት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን 225 ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሌባው እዚህ ይያዛል፦ ትልቁን ማሞቂያ ቀንሰናል ተብሎ በየመኝታ ቤቱ ትንንሽ ሂተር ተሰክቷል።

ሁሉም ዕቃ ከሶኬት ተነቅሎም ቆጣሪው መቁጠሩን ካላቆመ ግን ነገሩ ከቴርሞስታት አልፏል። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ቆጣሪው የሚቆመው የቱ ላይ እንደሆነ ያዙና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።