ማታ ማታ ጌም የሚሠራ ፕሮግራመር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀን የቢሮ ሶፍትዌር እየጻፉ ማታ የራሳቸውን ጌም የሚሞክሩ ፕሮግራመሮች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ጎበዝ ፕሮግራመር ሆኖ አንድ ትንሽ ጌም መጨረስ የሚያቅተው ሰው ሞልቷል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ችሎታ አይደለም። ቢሮ ውስጥ የሚያስመሰግነን ልማድ ጌም ላይ እንቅፋት ይሆንብናል።

ዋናው ስህተት ከጌሙ በፊት ኢንጂን፣ ማለትም ጌሙ የሚቆምበትን መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ መሥራት ነው። ፕሮግራመር መሣሪያ መሥራት ነፍሱ ነው። ገጸ ባሕሪው ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ ስለ ፊዚክስ፣ ስለ ሌቭል ማዘጋጃ፣ ስለ ኔትወርክ ይጨነቃል። ወራት ያልፋሉ፤ የሚጫወቱት ነገር ግን የለም። ጎዶት የሚባለው ዝግጁ ኢንጂን እኮ ነፃ ነው፤ ኮዱም ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2024 ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ባላትሮ የተባለ ጌም የተጻፈው በሉአ ቋንቋ፣ ለቭ በሚባል ቀላል ነፃ መሣሪያ ነው። ኢንጂን እንዴት እንደሚሠራ ለመማር የሚጽፍ ሰው ይጻፍ፤ ግሩም ትምህርት ነው። ግን ጌም እየሠራሁ ነው ብሎ ራሱን አያታልል።

ሁለተኛው ሐሳቡን ማግዘፍ ነው። የመጀመሪያ ጌማችሁ ሰፊ ዓለምና በኢንተርኔት የሚገናኙ ብዙ ተጫዋቾች አያስፈልገውም። ሰለስት የተባለው ጌም በ2018 ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ሙከራ ነበር። በ2015 ሁለት ሰዎች በአራት ቀን ሠሩት። የተጠቀሙት ፒኮ-8 የተባለ የትናንሽ ጌም መሥሪያ ስክሪኑ 128 በ128 ፒክስል፣ ቀለሙም 16 ብቻ ነው። ዝላዩ ደስ ስላለ ወደ ትልቅ ጌም አደገ። እዚያ ጌም ውስጥ ተጫዋቹ የገደሉን ጫፍ ካለፈ በኋላም ለቅጽበት መዝለል ይፈቀድለታል። ማንም አያስተውለውም፤ ሁሉም ግን ጣቱ ላይ ይሰማዋል። እንዲህ ላለ ነገር ጊዜ የሚተርፈው ጌሙ ትንሽ ሲሆን ነው።

ለኮድ ውበት መጨነቅም አለ። በ2010 ቴሪ ካቫና ስሙ ስድስት ቪ ፊደል ብቻ የሆነ ጌም አወጣ። ጌሙ አሥር ዓመት ሲሞላው ኮዱ ይፋ ሆነ። ውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሁኔታዎች የተደረደሩበት አንድ ረጅም ስዊች (ኮዱ እንደ ሁኔታው የሚሠራውን የሚመርጥበት ትእዛዝ) ተገኘ። ለባንክ ሲስተም እንዲህ ያለ ኮድ ይዞ የሚመጣ ሰው ሥራ ያጣል። ጌሙ ግን ተጠናቀቀ፤ ሰዎችም ወደዱት። ብቻችሁን የምትጽፉትን ኮድ ነገ የሚያነበው ማን ነው? ለእናንተ እስከገባችሁ ድረስ ቀጥሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን መጠንቀቅ ግድ ነው። ፍጥነትን ከፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ በተከታታይ ከሚሳሉት ምስሎች፣ ጋር ማሰር ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ገጸ ባሕሪው በየፍሬሙ 5 ፒክስል ቢራመድ፣ 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያሳይ) ስክሪን ላይ በሰከንድ 300 ፒክስል ይሄዳል። ያው ኮድ 144 ሄርዝ ላይ 720 ይሆናል። 30 ፍሬም ብቻ የሚያወጣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ 150። ስለዚህ ፍጥነትን በሰከንድ ወስኑና ካለፈው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ አባዙት። ዝላይና ግጭትን ደግሞ በቋሚ ምት፣ ማለትም በእኩል የጊዜ ልዩነት፣ አስሉ። ጎዶት ካልቀየራችሁት በስተቀር ፊዚክሱን በሰከንድ 60 ጊዜ ያሰላላችኋል።

ጌሙን ለሰው የማሳየት ነገር ላይ ሁለት ጥፋት አለ። አንዱ ማዘግየት ነው። ሌላው፣ የባሰው፣ ከተጫዋቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ «እሱን ተጫን፣ አሁን ዝለል» ማለት ነው። እኛ አገር ይሉኝታ አለ። ጓደኛችሁ ቢሰለቸውም «አሪፍ ነው» ይላችኋል። ስለዚህ አፉን ሳይሆን እጁን ተመልከቱ። የት ቆመ? የቱን ቁልፍ ደጋግሞ ነካ? ስልኩን መቼ አነሳ? ከሁሉም የሚሻሉት ሕፃናት ናቸው። የጎረቤት ልጅ ከደበረው ጥሎ ይሄዳል፤ ከወደደው ደግሞ ላፕቶፑን አይመልስላችሁም። ለፕሮግራመር ይህን ያህል እውነት የሚነግረው የለም።

አማርኛ የምታስገቡ ከሆነ ፊደሉን መጨረሻ ላይ አትተዉት። ብዙ የጌም ፎንቶች ግዕዝ የላቸውም፤ በቃላቱ ፋንታ ባዶ ሣጥን ይደረደራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ ይገኛሉ፤ ከጌሙ ጋር አብራችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። በፒክስል ለሚሠራ ጌም ጉዳዩ ይከብዳል። ላቲን በ8 ፒክስል ቁመት ይነበባል። የእኛ ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ስ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ስለሆነ እዚያ ቁመት ላይ ይደባለቃሉ። ፎንቱን አስቀድሞ እንደ ምስል ለሚያዘጋጅ ደግሞ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር የዓለምን ፊደላት በሚለይበት ዝርዝር) ውስጥ ዋናው የኢትዮፒክ ክፍል ብቻ ከ350 በላይ ምልክት አለው። ስለዚህ ከፍ ያለ ፎንትና ሰፋ ያለ የጽሑፍ ሣጥን ከመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋል። ልጆቻችን ጌም ውስጥ ሀሁን አይተው ቢያድጉ ደስ ይለኛል፤ ለዚህ ነው ይህን አጥብቄ የምለው።

የመጨረሻው የሕይወት ጉዳይ ነው። ኤሪክ ባሮን ስታርዲው ቫሊ የተባለውን ጌም ለብቻው ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ በ2016 አወጣ። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ሥራውን መልቀቅ ያምረዋል። ግን ባሮን በዚያን ጊዜ ሲያትል ውስጥ ቲያትር ቤት በትርፍ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ፍቅረኛውም ሠርታ ትደግፈው ነበር። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ቤተሰብ የሚረዳ ሰው ደመወዙን ይዞ ማታ አንድ ሰዓት ቢሠራ ይሻለዋል። ቅዳሜም ከሰው ጋር ቡና ይጠጣ። ደክሟችሁ ሌሊት የጻፋችሁትን ኮድ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ትሰርዙታላችሁና ተኙ። ከመተኛታችሁ በፊት ግን ኮዱን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንና ድምፁንም ከላፕቶፑ ውጪ ሌላ ቦታ ገልብጡ።