ዶንግላችሁ አልሞተም፦ ሊኑክስ ላይ ሞደም ስትሰኩ የምታበላሿቸው ነገሮች

የዶንግሉ፣ ማለትም ሲም ገብቶበት ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው የኢንተርኔት ሞደም፣ ካርቶን ላይ ዊንዶውስና ማክ ብቻ ነው የተጻፈው፣ ሊኑክስ የሚል የለም። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፣ ሰው ካርቶኑን ያይና ወይ ተስፋ ይቆርጣል ወይ "ድራይቨሩን ስጠኝ" እያለ ይመጣል። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ላፕቶፕ የምነካካው፣ ከመሃል ሜዳም ከዓለም ከተማም ከሸዋ ሮቢትም የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው አንድ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ጽሁፍ ነው የምልክላችሁ፣ አትቀየሙኝ።

በድራይቨር ፍለጋው ልጀምር፣ ምክንያቱም አናቴን የሚያዞረው እሱ ነው። ልጁ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ይጭናል፣ ጎበዝ፣ ዶንግሉን ይሰካል፣ ኢንተርኔት የለም። ከዚያ ዶንግሉ ውስጥ ያለችውን የዊንዶውስ ሴታፕ ዋይን በሚባል ፕሮግራም ሊከፍት ሌሊቱን ሙሉ ይታገላል። ኧረ ተዉ! ዋይን የዊንዶውስ አፕሊኬሽን ይከፍትላችሁ ይሆናል እንጂ የዊንዶውስ ድራይቨር ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ አይከትላችሁም። ሌላው ደግሞ እዛው ዶንግሉ ውስጥ ሊኑክስ የሚል ፎልደር አግኝቶ እልል ብሎ በውስጡ ያለውን ስክሪፕት በሱዶ፣ ማለትም በአለቃ (ሩት) መብት፣ ያስነሳዋል፣ ስክሪፕቱ እኮ ዶንግሉ በተሰራበት ዘመን ለነበረ ከርነል የተጻፈ ነው፣ ዛሬ በሩት መብት አስገብታችሁት ያገኘውን ፋይል ሲያተራምስ ቆይቶ ሲጨርስ ሞደሙ ያው አይሰራም፣ አሁን ግን አብሮት ሌላም የማይሰራ ነገር አላችሁ።

ድራይቨሩ አለ እኮ። ከርነሉ ውስጥ ነው ያለው፣ ኦፕሽን ይባላል፣ በመቶ የሚቆጠር የሞደም ዓይነት ያውቃል። የማይሰራው በሌላ ምክንያት ነው፦ ዶንግሉ ስትሰኩት መጀመሪያ "ሞደም ነኝ" አይልም፣ "ሲዲ ነኝ" ነው የሚለው። ለዊንዶውስ ተብሎ የተደረገ ነገር ነው፣ ዊንዶውስ ያቺን ሲዲ ከፍቶ ሴታፑን ይጭናል፣ የተጫነው ሶፍትዌር ደግሞ ለዶንግሉ "በቃ አሁን ሞደም ሁን" የሚል ትእዛዝ ይልክለታል። ሊኑክስ ላይ ያንን ትእዛዝ የሚልከው ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱና ሚንት ላይ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፣ ዴቢያንን ከላይ ከላይ ብቻ ከጫናችሁ ግን ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ምንም ከማውረዳችሁ በፊት ተርሚናል ከፍታችሁ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) የምትለዋን ኮማንድ ስጡ። ሁዋዌ ከሆነ 12ዲ1 የሚል መለያ ታያላችሁ፣ ዋናው ግን ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው፦ 1446 ካለ ገና ሲዲ ነው፣ 1436 ወይም 1506 ከሆነ ሞደም ሆኗል። ዜድቲኢ ከሆነ መለያው 19ዲ2 ነው፣ 2000 ሲዲ፣ 0031 ሞደም። የእናንተ ሞዴል ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፣ እናንተ የምታዩት ስትሰኩት የነበረው ቁጥር ከትንሽ ሴኮንድ በኋላ መቀየር አለመቀየሩን ነው። ካልተቀየረ የዓለምን ድራይቨር ብታወርዱ ምንም አይመጣም። ብዙዎቹ ዜድቲኢዎች ደግሞ የሲዲዋን አይኮን ኢጀክት ስትሏት ብቻ ራሳቸው ይቀየራሉ፣ ሞክሯት።

"ኢንተርኔት ሳይኖረኝ ሞድስዊችን በምን ላውርደው?" የሚል አለ። በስልክህ! ስልኩን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያካፍለውን) አብሩ፣ አንድሮይድ ከሆነ ሊኑክስ ላይ ምንም ሳትጭኑ ይሰራል። ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ላፕቶፑን ከአንኮበር ድረስ ተሸክሞ ይመጣል። በፍላሽ ነው የማመጣው ካላችሁ ደግሞ ዋናዎቹ ፓኬጆች ሁለት ናቸው፣ ሞድስዊች ራሱና የሞዴሎቹን ዝርዝር የያዘው ዳታ፣ ሁለተኛዋን ሁሌ ትረሷታላችሁ።

ሃይሊንክ የሆነውን ዶንግል እንደ ሞደም ሊደውሉለት የሚታገሉም አሉ። ሃይሊንክ ማለት የኔትወርክ ካርድ መስሎ የሚገባ ነው፣ ዶንግሉ ራሱ ይደውላል፣ ለላፕቶፑ አይፒ አድሬስ ይሰጠዋል፣ በቃ። የምትደውሉበት ፖርት ብትፈልጉ አታገኙም። ብሮውዘር ላይ 192.168.8.1 ጻፉ፣ የቆዩት ላይ 192.168.1.1 ነው፣ ኤፒኤኑንም (ወደ ቴሌ ኢንተርኔት የሚያስገባውን ስም) ፒኑንም እዛ ገጽ ላይ ነው የምታስገቡት። ቤት ያለው ራውተርም 192.168.1.1 ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉና ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ግቡ።

ኤፒኤን ኢቲሲ ነጥብ ኮም (etc.com) ነው፣ የቴሌ ሲም ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል፣ ከኋላው ስፔስ ሳትጨምሩ። ዩዘርኔምና ፓስወርድ ባዶ ይሁን፣ የሚደወለው *99# ነው። አንዳንዱ ሲዲኤምኤ ስለሚባለው የድሮ ኔትወርክ የተጻፈ ጽሁፍ አንብቦ #777 ይሞክራል፣ አይሆንም።

ደብሊውቪዲያልን (ከተርሚናል የሚደውለውን ፕሮግራም) የምትወዱ ሰዎች፣ ከጀርባ ሞደሙን የሚይዘውን ሞደም ማናጀርን ሳታቆሙ ደብሊውቪዲያል አታስነሱ። ሁለቱም አንዱን ፖርት ስለሚፈልጉት "ዲቫይሱ ቢዚ ነው" የሚል ኤረር ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ዶንግሉን መንቀል መሰካት ይጀምራል። አንዱን ምረጡ። ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ደብሊውቪዲያልን ለምን እንደምትነኩት አይገባኝም፣ የሊኑክሱ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ በሆነው ኔትወርክ ማናጀር ላይ ሞባይል ብሮድባንድ የሚለውን ተጭናችሁ ኢትዮጵያ ብላችሁ መግባት ትችላላችሁ። "ፐርሚሽን የለህም" ካላችሁ ሁሉን ነገር በሱዶ ከማስነሳት ራሳችሁን ሞደሙን መጠቀም የሚፈቀድለት ዲያልአውት ግሩፕ ውስጥ ጨምሩ፣ ከዚያ ሎግ አውት ብላችሁ ተመለሱ፣ ካልወጣችሁ አይሰራም።

ፒን። ሲም ከቀየራችሁ ኔትወርክ ማናጀር የድሮውን ሲም ፒን አስቀምጦት ይሆናልና አዲሱ ላይ በራሱ እየላከ ይሳሳታል። ሶስት ጊዜ ከተሳሳተ ፒዩኬ (የተቆለፈ ሲም መክፈቻ ቁጥር) ይጠይቃችኋል፣ ፒዩኬውን አስር ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ሄደ፣ አይመለስም። ሲሙን መጀመሪያ ስልክ ላይ አድርጋችሁ የፒን ጥያቄውን አጥፉት። ስልክ ላይ እያለ እግረ መንገዳችሁን በ*999# ፓኬጅ ግዙ፣ ቀሪ ሂሳቡንም በ*804# እዩ፣ ዶንግል ላይ ይሄን ማድረግ ራስ ምታት ነው።

ከውጭ የመጣ ዶንግል ይዛችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምጠይቀው ከየት እንደመጣ ነው። ከአረብ አገር እህት የላከችው ከሆነ ለዛ አገር ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፣ ሊኑክስ ቢሆን ዊንዶውስ ቢሆን እኛ አገር ሲም አይቀበልም። ከአሜሪካ ከሆነ ደግሞ ሳይቆለፍም 3ጂው በ850 እና በ1900 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሰራ ዓይነት ይገጥማችኋል፣ እኛ ጋ 3ጂ 2100 ላይ ስለሆነ እሱ በ2ጂ እየተንፏቀቀ ይኖራል። ይሄን የሚያስተካክል ኮማንድ የለም።

ዊንዶውስን ቨርቹዋል ቦክስ (ሊኑክሱ ላይ ሌላ ሲስተም የሚያስነሳ ፕሮግራም) ውስጥ ጭናችሁ ዶንግሉን እዛ ለማስነሳት አትድከሙ። ዶንግሉ ከሲዲ ወደ ሞደም ሲቀየር ቁጥሩ ስለሚቀየር ከቨርቹዋሉ ሾልኮ ይወጣል።

"ኔትወርኩ እንደ ጣርማበር ጉም መጣ ሄደ ይላል" የሚሉኝ አብዛኞቹ ኔትወርክ አይደለም ችግራቸው፣ ሃይል ነው። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊ አምፔር ነው፣ ዶንግሉ ደግሞ ሲግናል ሲደክምበት ብዙ ሃይል ይስባል፣ ማለትም ገደል ስር ያለ ሰው ዶንግል ከከተማው የበለጠ ይጠጣል። ርካሽ ሃብ ላይ ወይ ረጅም ኬብል ጫፍ ላይ ሰክታችሁ ይሄን ሃይል ስትጠብቁ ዶንግሉ ይሞትና እንደገና ይነሳል። እንዴት ትለያላችሁ? የከርነሉን መልእክቶች የምታሳየውን ዲሜሴጅ (dmesg) የምትለዋን ኮማንድ ስጡ፣ "ዩኤስቢ ዲስኮኔክት" የሚል መስመር እየተደጋገመ ካያችሁ ሃይል ወይ ኬብል ነው፣ ያ ከሌለ ኔትወርክ ነው ብላችሁ ማማት ትችላላችሁ። ለማማትም ቢሆን መጀመሪያ ሲግናሉን ጠይቁት፣ ለሞደሙ የምትላከው ኤቲ ሲኤስኪው (AT+CSQ) የምትለዋ ትእዛዝ ከ0 እስከ 31 ትመልሳለች፣ 99 ካለች አላውቅም ማለቷ ነው። አስር ከሆነ ወደ ማይነስ 93 ዲቢኤም ገደማ ነው፣ ከዚያ ካነሰ ዶንግሉን ወደ መስኮት ውሰዱት፣ በአጭርና ወፍራም ኬብል።

አሁን ብር ወደሚበላው። አንድ አስተማሪ ናቸው፣ ከመሃል ሜዳ፣ ሁሉን ነገር በትክክል አድርገው ኡቡንቱ ላይ ሃይሊንክ ዶንግል አስነሱ፣ የወር ፓኬጅ ገዙ፣ ላፕቶፑን ሳያጠፉ ተኙ። "ልጄ፣ ጠዋት ብነሳ አልቋል፣ ማን ነው የተጠቀመብኝ?" አሉኝ። "ላፕቶፑ ራሱ ነው ጋሼ።" "እኔ ሳልነካው?" አዎ ሳይነኩት። ኡቡንቱ በራሱ አፕዴት ያወርዳል፣ ስናፕ የሚባለው የኡቡንቱ ፕሮግራም ጫኝ ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ እየተነሳ አዲስ ነገር ካለ ይጎትታል። ተራ ሞደም ሲሆን ኔትወርክ ማናጀር "ይሄ በሂሳብ የሚሄድ ኢንተርኔት ነው" ብሎ ይገምታል፣ አፕዴቱም በከፊል ይቆጠባል። ሃይሊንኩ ግን የገመድ ኢንተርኔት መስሎ ስለሚገባ ሲስተሙ ያልተገደበ ብሮድባንድ ያገኘ መስሎት ያወርዳል ያወርዳል። ይሄን ማንም አይነግራችሁም። የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ያንን ኮኔክሽን "ሚተርድ" አድርጉት። ስናፕ ግን ይሄን ብቻ አይቶ አያቆምም፣ ሪፍሬሽ ሚተርድ (refresh.metered) የሚለውን የስናፕ ሴቲንግ "ሆልድ" (hold) ማድረግ አለባችሁ። ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት።

ስትጽፉልኝ ደግሞ "ዶንግሌ አልሰራም" ብቻ አትበሉ፣ የደበዘዘ የስክሪን ፎቶም አትላኩ። ኤልኤስዩኤስቢ ያወጣውን ሙሉውን ኮፒ አድርጉ፣ የዲሜሴጅን የመጨረሻ ሰላሳ መስመር ጨምሩበት፣ የትኛው ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) እንደሆነና ከላይ ካለው የቱን እንደሞከራችሁ ጻፉ።