በባቡር ሄዶ አዋሽ ፓርክ ድንኳን ተክሎ ማደር

መኪና የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ድንኳን ይዞ ሁለት ሌሊት ከከተማ ወጥቶ ማደር ከፈለገ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ያስብ። ከሰበታ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በመተሐራና በአዋሽ ሰባት በኩል ነው የሚያልፈው፤ ፓርኩ ደግሞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ነው። ነገር ግን ባቡሩ ጣቢያ ያደርሳችኋል እንጂ ፓርክ አያደርሳችሁም። ጉዞው የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያች በቀረችው አጭር መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ዝግጅቱን ከእሷ ጀምሩ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፓርኩ አካባቢ ባሉት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጧል፤ ነዋሪዎችም ከቀያቸው እንዲነሱ ተደርጓል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም አዲስ አበባ ለሚገኘው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በዚህ ሳምንት ድንኳን ተክሎ ማደር ይፈቀዳል ወይ? የትኛው የማደሪያ ቦታ ነው ክፍት? የመንገዱ ጸጥታስ እንዴት ነው? ከሦስቱ በአንዱ ላይ ግልጽ መልስ ካጣችሁ ጉዞውን አስተላልፉት።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ስለሚያልፍ ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ አይታሰብም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ወንዙ ይሞላል፣ የፓርኩ ጥርጊያ መንገድም ጭቃ ይሆናል።

የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ ላይነሳ፣ ሲነሳም በየጣቢያው ላይቆም ይችላል። ትኬት ስትቆርጡ «አዋሽ ይቆማል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ የመመለሻውንም ቀን እዚያው አረጋግጡ። ከመተሐራ ይልቅ አዋሽ መውረድ ይሻላል፤ በከተማው መኪና መከራየትም፣ ስንቅ መግዛትም ይቀላል። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ የምትሳፈሩበት ፉሪ ለቡ ጣቢያ ከመሃል ከተማ ርቆ ነው ያለው፤ ፍተሻውም ጊዜ ስለሚወስድ ከመነሻው ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ።

ፍተሻው ስንቃችሁንም ይወስነዋል። የጋዝ ቆርቆሮ፣ ነጭ ጋዝና ቤንዚን ባቡር ላይ አይወጣም። ቢላዋም ሊያዝባችሁ ስለሚችል አዋሽ ስትደርሱ ርካሽ አንድ ግዙ። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ቀላሉን ከቤት፣ ከባዱን ከአዋሽ። ከቤት የሚወጣው ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የግንባር ባትሪ፣ አንድ ድስትና ደረቅ ምግብ ነው፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ከ12 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ውሃ፣ ከሰል፣ የከሰል ምድጃ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ከአዋሽ ይገዛል።

በድንኳን ምርጫ ላይ አትቸኩሉ። ለሁለት ሰው «የሦስት ሰው» የተባለውን ግዙ፤ በሁለት በኩል የተጣራ መረብ ያለው ይሁን። አካባቢው ወባማ ስለሆነ መረቡ የተቀደደ ድንኳን ይዞ ከመሄድ አለመሄድ ይሻላል። አብሮት የሚመጣው ስስ የአሉሚኒየም ካስማ በአዋሽ ድንጋያማ መሬት ላይ ሁለት መዶሻ ሳይችል ይታጠፋል። ብረታ ብረት ቤት ሄዳችሁ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ አስር አስቆርጡ፤ አንዱን ጫፍ እንደ መንጠቆ አሳጥፉ፣ ሌላውን አሹሉ። ጥያቄ እንዳያስነሳ ከድንኳኑ ጋር በአንድ ከረጢት እሰሩት።

አዋሽ እንደወረዳችሁ በባጃጅ ከተማ ግቡና ሾፌር ያለው መኪና ለሁለት ቀን ተነጋገሩ። ፓርኩ ውስጥ በእግር እንደልብ መንቀሳቀስ ስለማይቻል «አድርሰህ ተመለስ» የሚል ስምምነት አያዋጣም። መኪናው አብሯችሁ ይደር፤ ምክንያቱን ዝንጀሮው ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ። ዋጋውን ከነነዳጁ፣ ከነሾፌሩ ውሎ አበልና የመመለሻ ቀን ወደ ጣቢያ ከሚያደርሳችሁ ጋር ጨርሱት።

ውሃ በአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር አስቡ፤ አራቱ ለመጠጥ፣ ሁለቱ ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ሌሊት፣ አንድ መጠባበቂያ ቀን ሲጨመርበት 36 ሊትር ይሆናል፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ሾፌሩንና ስካውቱን (አብሯችሁ የሚያድረውን የፓርኩን ጠባቂ) ከቆጠራችሁ አራት። የአዋሽን ወንዝ ውሃ አፍልቶ መጠጣት መፍትሔ አይደለም፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ከላይ ከፋብሪካና ከእርሻ የሚወርደውን ኬሚካል አያስወግድም።

ፓርኩ በር ላይ የመግቢያ፣ የመኪና፣ የማደሪያና የስካውት ክፍያ አለ፤ ደረሰኙን እስክትወጡ ያዙት። ስካውቱ ሌሊቱን አብሯችሁ ስለሚያድር እራቱና ውሃው የእናንተ ስንቅ አካል ነው። የት እንደሚተከል፣ የት እሳት እንደሚነድ፣ የት እንደማይደረስ የሚወስነውም እሱ ነው። «ወደ ወንዙ አትጠጉ» ካለ አዞ ስላለ ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማደሪያው ላይ ድረሱ፤ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል። በወንዙ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ተመልከቱ፦ ቅርንጫፉ ላይ ገለባና የላስቲክ ቁራጭ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ውሃው እዚያ ድረስ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ድንኳናችሁ ከዚያ ምልክት በላይ፣ ከውሃው ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ ይተከል። አዋሽ ላይ ደመና አለመኖሩ ማስተማመኛ አይሆንም፤ ከላይ የቆቃ ግድብ አለ፣ ውሃ ሲለቀቅ ወንዙ ያለ ዝናብም ይሞላል። ትልቅ ዛፍ ጥላ ይሰጣል፤ ግን ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን እዩ። ከዛፉ በስተምዕራብ ከተከላችሁ የጠዋቷ ፀሐይ በጊዜ አታስነሳችሁም።

የግራር እሾህ የድንኳን ወለልንም፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽንም ይበሳል። መሬቱን በእግር ሳይሆን በቅጠል መጥረጊያ ጥረጉ፣ ከዚያ ሸራ አንጥፉ። የሸራው ጠርዝ ከድንኳኑ ወለል ወደ ውስጥ አምስት ሳንቲ ሜትር ይታጠፍ፤ ወጣ ካለ ዝናቡን ሰብስቦ ከሥራችሁ ያስገባዋል። ፍራሽ ከሆነ ስፖንጅ ያዙ። ፌሮውን ስትመቱ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ የከሰዓት ነፋስ ሲመጣ ይነቀላል።

ለሁለት ሌሊት 4 ኪሎ ከሰል ይበቃል። እራቱን ቀላል አድርጉት፦ አንድ ሽንኩርት በሦስት ማንኪያ ዘይት አቁላሉ፣ የተሰባበረ ቋንጣ ጨምሩ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ምጥን ሽሮ በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩበት፤ በፈላ ውሃ ላይ ደረቅ ሽሮ ከበተናችሁ ይጓጉላል። ሲንተከተክ አውርዱና ሁለት እፍኝ ድርቆሽ ጣል አድርጉበት። ሁለት ሰው ይጠግባል። ለጾም ቋንጣውን መተው ነው። ለቁርስ በሶ፣ ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃል።

የቀረውን ፍም ለሙቀት ብላችሁ ወደ ድንኳን አታስገቡ፣ በሩ ላይም አታስቀምጡ። የከሰል ጢስ ባይታይም፣ ባይሸትም ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። ውሃ አፍስሱበት፣ አመዱን አማስሉ፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ መብረዱን ሳታረጋግጡ አትተኙ።

ወደ ዝንጀሮውና ጦጣው እንምጣ። የድንኳን ዚፕ መክፈት ያውቃሉ፤ መክፈት ካቃታቸው መረቡን ይቀዱታል። ምግብ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ሁሉ በተቆለፈ መኪና ውስጥ ይደር። ፍርፋሪ መስጠት ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ማስጠቃት ስለሆነ በፍጹም አታድርጉት። ሌሊት ጅብ ቢጮህ አትውጡ፤ መውጣት ግድ ከሆነ ስካውቱን ጥሩ። ጫማ ውስጥ ጊንጥ ሊገባ ስለሚችል ጠዋት ጠዋት ገልብጣችሁ አራግፉት።

ሳላና ሚዳቋ ለማየት ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡ፤ ከዚያ በኋላ እንስሳቱ ጥላ ይገባሉ። ፏፏቴው በረፋድ ይታያል። ፍልውሃው ከአስፋልቱ በስተሰሜን ርቆ ስለሚገኝ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ጠንካራ መኪና ከሌላችሁ ተዉት።

ለመመለሻ ሁልጊዜ የአንድ ቀን ስንቅና የሚኒባስ ገንዘብ ይኑራችሁ። ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ሲገባ፣ መብራትም ሲቋረጥ ባቡሩ ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ከአዋሽ በአዳማ አድርጎ በአስፋልት መመለስ ይቻላል። ቤት እንደገባችሁ ድንኳኑን ዘርግታችሁ አድርቁት። ሲመሽ ክፍሉን አጨልማችሁ ከውስጥ ባትሪ አብሩና ወለሉን ከውጭ በኩል እዩት፤ ብርሃን የሾለከበት ሁሉ እሾህ የበሳው ነው፣ በሸራ ቴፕ ለጥፉት።