ማንንም ደጅ የማያስቀር የቅጥር ሂደት እንዴት ይዘጋጃል?

«ማስታወቂያ አውጥተን ነበር፤ ሴትም አካል ጉዳተኛም አላመለከተም» የሚል ቀጣሪ ብዙ ነው። በሰው ሀብት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ያየሁት ግን አብዛኛው ሰው የሚቀረው ቃለ መጠይቁ ላይ ሳይደርስ፣ ገና ማስታወቂያውን አንብቦ መሆኑን ነው። እርማቱም ከዚያ ይጀምራል።

1. ማስታወቂያውን መስመር በመስመር ፈትሹ

በቅርብ ያወጣችሁትን ማስታወቂያ አትሙና በእያንዳንዱ መስፈርት ጎን «ይህ ባይሟላ ሥራው ይበደላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሒሳብ ሠራተኛ «ዕድሜ ከ30 ዓመት በታች»፣ ለእንግዳ ተቀባይ «መልከ መልካም»፣ ለመጋዘን «ጾታ፦ ወንድ» የሚሉት ይህን ጥያቄ አያልፉም። ዕቃ መሸከም ካለ ክብደቱን በኪሎ ጻፉ፤ የሚችል ወንድም የምትችል ሴትም ራሳቸው አይተው ያመልክቱ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የዋስ ነገር ነው። «አስተማማኝ ዋስ ማቅረብ የሚችል» የምትለው አጭር መስመር ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለውን ሁሉ ታስቀራለች። በሠራሁበት አንድ ድርጅት ለንብረት ክፍል ባወጣነው ፈተና አንደኛ የወጣችው ልጅ ከወሎ ከመጣች ዓመት አልሞላትም ነበር። ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ተንከራተተች፤ አላገኘችም። ሥራው ለሁለተኛው ተሰጠ። የትምህርት ማስረጃዋን የያዘችበት፣ ጠርዙ የተላላጠ ሰማያዊ ክላሰር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ያን መስፈርት ያኔ አለመሟገቴ ይቆጨኛል። ገንዘብ ወይም ንብረት ለማይረከብ ሠራተኛ ዋስ አትጠይቁ። ለሚረከበው ደግሞ ድርጅቱ ከኢንሹራንስ ኩባንያ የታማኝነት ዋስትና፣ ማለትም ሠራተኛው ቢያጎድል ጉዳቱን የሚሸፍን መድን፣ መግዛት ይችላል።

2. የማመልከቻውን ወጪ ቀንሱ

ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ ተነሥቶ ኮፒና ኦሪጅናል ይዞ መሃል ከተማ መምጣት ሥራ ለሌለው ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የተካሄደና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች የትራንስፖርት ገንዘብ ሲሰጣቸው መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደጨመረ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ ለሚያመለክቱ ሰዎች ጥቂት ገንዘብ ሲከፈል የተሻለ ችሎታ ያላቸው አመልካቾች እንደሚመጡ አገኘ። ስለዚህ ወጪውን መቀነስ ለቀጣሪውም ይጠቅማል። ማስረጃ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም በፎቶ ተቀበሉ፤ ኦሪጅናሉን ፈተና ካለፈው ብቻ ጠይቁ። ማስታወቂያውን አራት ኪሎ ቦርድ ላይ ለጥፋችሁ አትመለሱ፤ ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው ማኅበራትም ላኩ።

3. ስም ሳታዩ አጣሩ

በእኛ ሀገር ስም ከነአባት ስም ሲነበብ ጾታን፣ ሃይማኖትን፣ ብዙ ጊዜም ብሔርን ይናገራል። በማጣሪያው ውስጥ የማይገባ አንድ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ቁጥር ይስጥ፤ ስምን፣ ፎቶን፣ ዕድሜንና የትውልድ ቦታን ሸፍኖ ለአጣሪዎቹ ያቅርብ። የጽሑፍ ፈተናውም በዚያው ቁጥር ይታረም።

4. ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ አዘጋጁ

ጥያቄዎቹ አስቀድመው ይጻፉ፣ ለሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ይቅረቡ። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ከመነጋገራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ነጥብ ይሙሉ፤ አለቃው «ይሄ ልጅ ከእኛ ጋር ይግባባል» ካለ በኋላ የሚሞላ ነጥብ የአለቃው ነጥብ ነው።

«የየት አካባቢ ልጅ ነህ?» «ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለሽ?» የሚሉት ጨዋታ ማስጀመሪያ ሆነውም ቢሆን አይጠየቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ሴት ተወዳዳሪ ከወንድ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያው የእሷ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ ሁኔታ የማመቻቸት ኃላፊነቱን በአሠሪው ላይ ጥሏል።

ይህን በተግባር መፈጸም የሚመስለውን ያህል አይከብድም። ሊፍት ከሌለ ፈተናው ደረጃ በማያስወጣ ምድር ወለል ላይ ይሁን። መስማት ለተሳነው አመልካች አትደውሉ፣ መልእክት ጻፉለት፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ያዙ። ለዓይነ ስውር ተፈታኝ ፈተናውን ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ አድርጉትና ሰዓት ጨምሩ። ምን እንደሚያስፈልገው ግን አትገምቱ፤ ለፈተና ስትጠሩ ሁሉንም ጠይቁ።

5. በየደረጃው ቁጠሩ

ስንት አመለከተ፣ ስንት ተጣራ፣ ስንት ተፈተነ፣ ስንት ተቀጠረ? ሁሉንም በጾታና በአካል ጉዳት ለይታችሁ መዝግቡ። ለምሳሌ ከ100 አመልካቾች 40ዎቹ ሴቶች ሆነው ከተጣሩት 10 ሰዎች ሴቶቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ የወደቁትን የ38ቱን ማመልከቻ መልሳችሁ አውጡ፤ በየትኛው መስፈርት እንደወደቁ አንድ በአንድ ጻፉ። ብዙዎቹን የጣለው ያው አንድ መስፈርት ሆኖ ካገኛችሁት፣ ቀጣዩ ማስታወቂያ ሳይወጣ ያንን መስፈርት የጻፈውን ክፍል ኃላፊ አነጋግሩ።