ፕላቲነምን ጥላሸት ላይ እንዴት እንደምንበትን

ብዙ ፊውል ሴሎች ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ፕላቲነም ሲያፋጥናቸው ነው። ፕላቲነም ደግሞ አይቀመስም። ሥራው ያለው ፊቱ ላይ ብቻ ነው፤ ውስጥ የተደበቀው ብረት ሁሉ ኪሳራ ነው። ስለዚህ አድቅቀን የምንበትንበት ነገር እንፈልጋለን።

ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚመርጡት ቮልካን ኤክስሲ-72 የሚባለውን ካርቦን ነው። ጥላሸት ብትሉት አልተሳሳታችሁም። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የአንድ ግራሙ ስፋት ደግሞ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ፣ ፊውል ሴሉ ሲነሳና ሲጠፋ ቮልቴጁ ይዘልና ካርቦኑ ቀስ በቀስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ያልቃል። ግራፋይት የሆነ ካርቦን የተሻለ ይቋቋማል፤ ስፋቱ ግን ያንሳል። ለጀማሪ ቮልካን ይበቃል።

ይህ የጓዳ ሥራ አይደለም። ጭስ የሚስብ መሳቢያ፣ ጓንትና መነጽር የግድ ነው።

80 ሚሊግራም ጥላሸት መዝኑ። ሲታይ ቁንጥር ታህል ነው፤ ቢዘረጋ ግን 4 በ5 ሜትር የሆነ ሳሎን ያለብሳል። 50 ሚሊሊትር ኤትሊን ግላይኮል ውስጥ ጨምሩና አልትራሶኒክ ማጠቢያ (በድምፅ ሞገድ የሚያንቀጠቅጥ ገንዳ) ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጓጉሎ ከቀረ ፕላቲነሙ ከላይ ከላይ ብቻ ይለጠፋል።

ከዚያ 53 ሚሊግራም የክሎሮፕላቲኒክ አሲድ ክሪስታል አሟሙበት። ከዚህ ውስጥ ፕላቲነሙ 20 ሚሊግራም ብቻ ነው። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ11 በላይ አውጡት። ናይትሮጅን እያሳለፋችሁ፣ እያማሰላችሁ፣ በ140 ዲግሪ 3 ሰዓት አቆዩት። ግላይኮሉ ራሱ ክሪስታሉ ውስጥ የነበረውን ፕላቲነም ወደ ንጹህ ፕላቲነምነት ይመልሰዋል። ጥቂት ናኖሜትር የሚሆኑ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ሲቀዘቅዝ በቀጭን ናይትሪክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 3 አውርዱ፤ ቅንጣቶቹ ጥላሸቱን የሚይዙት ያኔ ነው።

አጥልሉት። የወረደው ፈሳሽ ኩልል ካለ እሰየው። ቡኒ ከሆነ ገንዘባችሁ እየፈሰሰ ነው። በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ከእጣቢው ትንሽ ወስዳችሁ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አድርጉበት፤ ነጭ ከደፈረሰ ክሎራይድ ቀርቷልና እንደገና እጠቡ። ክሎራይድ የፕላቲነሙን ሥራ ያደናቅፋል። በ80 ዲግሪ አሳድራችሁ አድርቁት።

ዱቄቱን በኋላ ኤሌክትሮድ ላይ የሚቀባ ቀለም ስታደርጉት መጀመሪያ በውሃ አርሱት፣ አልኮሉ ከዚያ ይከተል። ደረቁ ላይ አልኮል ያፈሰሰ ሰው ክብሪት ሳይጭር እሳት ሊያይ ይችላል፤ ፕላቲነሙ የአልኮሉ ተን ከአየር ጋር መቃጠሉንም ያፋጥነዋላ!