ከማሳደጊያ የሚወጣን ወጣት እንዴት መደገፍ ይቻላል?

በማሳደጊያ ያደገ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ትምህርቱን ሲጨርስ ግቢውን ለቆ ይወጣል። አንዳንዱ ድርጅት ለተወሰነ ጊዜ የቤት ኪራይና የዕቃ መግዣ ይሰጠዋል። ገንዘቡ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በጣም የሚያስፈልገው፣ ሲቸገር ስልኩን የሚያነሳለት አንድ ትልቅ ሰው ነው። ያ ሰው መሆን ከፈለጋችሁ እንዲህ ጀምሩ።

1. ከመውጣቱ በፊት ተዋወቁት

በድርጅቱ በኩል ግቡ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ማንነታችሁን ታጣራለች፤ ደስ ሊላችሁ ይገባል፣ ልጁን መጠበቋ ነው። መምጣት የምትችሉትን ቀን ብቻ ንገሩት። በወር አንድ ቅዳሜ ከሆነ፣ በወር አንድ ቅዳሜ በሉት። ብዙዎቹ ስጦታ ይዞ መጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚጠፋ ሰው እያዩ ነው ያደጉት። ስለ ወላጆቹ አትጠይቁት። ሲፈልግ ራሱ ያወራችኋል።

2. ወረቀቱን ግቢ ውስጥ እያለ ጨርሱ

የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ፣ እዚያ ማደጉን የሚገልጽ የድርጅቱ ደብዳቤ። የነዋሪነት መታወቂያም ያስፈልገዋል፤ ሰፈር ሲቀይር ደግሞ መሸኛ ይጠየቃል። ወረዳ ስትሄዱ እሱ ያስረዳ፤ እናንተ አጠገቡ ቁሙ። በሚቀጥለው ብቻውን ይሄዳል።

3. ስለ ተያዥ አስቀድማችሁ ወስኑ

ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ፣ ሆቴል፣ መጋዘን፣ ገንዘብና ንብረት የሚነካ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ዋስ ይጠይቃል። ሌላው አጎቱን ይዞ ይመጣል። ይሄ ልጅ ማንን ያምጣ? ፈተናውን አልፎ፣ ቃለ መጠይቁን አልፎ፣ በተያዥ ምክንያት ሥራው ያመልጠዋል። በጣም ያሳዝናል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና።

ዋስ ልትሆኑት ካሰባችሁ ወረቀቱን በደንብ አንብቡ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ስለዚህ መጠኑ መጻፉን እዩ። አሠሪው ከመሥሪያ ቤታችሁ የደመወዝ ደብዳቤ ሊጠይቅም ይችላል። አቅማችሁን የሚያልፍ ከሆነ በግልጽ ንገሩትና ሌላ ሰው አብራችሁ ፈልጉ። «እስቲ አያለሁ» እያላችሁ አታቆዩት፤ ቀኑ ያልፍበታል።

4. ቤት ስትፈልጉ

አብሮት ካደገ ጓደኛው ጋር ቢከራይ ኪራዩም ይቀላል፣ ብቸኝነቱም ይቀንሳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። አከራዩ የስድስት ወር ከጠየቀ ልጁ ይህን ይወቅ።

«እኛ ቤት ትኑር» ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አስጠግተናታል የተባለች ልጅ ሳይታወቅ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ስትሆን ይታያል። ጠዋት ቡና ታፈላለች፣ ልጆች ታደርሳለች፣ ትምህርቷ ይቀራል። ይህ እርዳታ አይደለም። አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ የጥናት ሰዓቷና የቤት ሥራ ድርሻዋ ከመጀመሪያው ይታወቅ።

5. ገበያና ወጥ ቤት

ማሳደጊያ ውስጥ ምሳ በሰዓቱ ይቀርባል፤ ሽሮው በትልቅ ድስት ለስንት ልጅ ይሠራል። ለአንድ ሰው ስንት ማንኪያ ሽሮ እንደሚበቃ ከየት ይወቅ? አብራችሁ ጉሊት ውረዱ። ሽንኩርቱን እሱ ይምረጥ፣ ዋጋውንም እሱ ይከራከር። ከዚያ እሱ ቤት፣ በእሱ ምድጃ ሥሩ። ዘይቱ ስንት ቀን እንደቆየ ይጻፍ። የመጀመሪያ ደመወዙንም እንዲሁ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ መድቡ፤ መጀመሪያ ኪራይ፣ ቀጥሎ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ ከተረፈ አነስተኛ ዕቁብ። ጥሬ ገንዘብ በየጊዜው ባትሰጡት ይሻላል። ግንኙነታችሁ የብር ጉዳይ ይሆንና፣ ሳይቸግረው መደወል ያፍራል።

6. በዓል

የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ከባድ ነው። ግቢው ውስጥ በዓሉ ከብዙ ልጅ ጋር ነበር። በዋዜማው ሳይሆን ሳምንት ሲቀረው ጥሩት። እንግዳ ሆኖ ሶፋ ላይ እንዳይቀመጥ ሥራ ስጡት፤ ዶሮውን ይግዛ፣ ቄጠማውን ያምጣ። የሚያከብረው ዒድ ከሆነ ደግሞ እናንተ እሱ ቤት ሂዱ።

7. ስልክ ማንሳት ሲያቆም

ያቆማል። ብዙ ጊዜ ሥራ ለቆ ወይም ኪራይ ሳይከፍል ቀርቶ አፍሮ ነው። አትቆጡ። «ደህና ነህ? ቅዳሜ እመጣለሁ» ብላችሁ መልእክት ላኩና ቅዳሜ ሂዱ። አብሮት ያደገን የአንድ ጓደኛውን ስልክ፣ ልጁ ራሱ ፈቅዶ እንዲሰጣችሁ፣ ገና ከመጀመሪያው ጠይቁት። ቤት ቀይሮ ከሆነ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው።